የዶሮ ወጥ አምባገነንነት

ሳቅ አይጠላም። እኛም አብረን ስቀናል። ይሄን ጽሑፍ የምንጽፈውም በዋናነት አብረን ስለሳቅን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምግብ ማብሰል የምንወድ አሥር አሥራ ሁለት ጓደኛሞች በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ አዲስ አበባ ውስጥ ተራ በደረሰው ሰው ቤት እንሰበሰባለን። ሁሉም የሠራውን አንድ ድስት ይዞ ይመጣል። ይበላል፣ ይጠጣል፤ ‹‹ይሄን የምግብ መጽሐፍ ሳታይው እንዳታልፊ›› ይባላል፤ ‹‹የዚህን ወጥ አሠራር ጻፍልኝ›› ይባላል። ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የተሰበሰብን ዕለት አጀንዳው የታወቀ ነበር፤ የበዓል ምግብ። አንዱ ‹‹ዶሮ ወጥ›› አለ። ሁለተኛዋ ‹‹ዶሮ ወጥ፣ ግን ወይን ጠጅ ጠብ ተደርጎበት›› አለች። ሦስተኛው ‹‹ዶሮ ወጥ ከነአይቡ›› ብሎ ‹‹አዲስ›› ሐሳብ አመጣ። ከእኛ አንዷ ‹‹እኛ አገር ዶሮ ያልተገኘ እንደሆነ…›› ብላ ጀመረች።

‹‹አገርሽ የት ነው?››

‹‹ጋይንት።››

‹‹ጋይንት ደግሞ ምን ይበላል? ስንዴው ከመኪና ሲወርድ ነዋ!››

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኛም ሳቅን። ይሄን የምንጽፈው ሦስታችን ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ነን። የዚያች የአንዷ ቦርሳ ውስጥ እናቷ በሰው የላኩላት ሰነፍ ቆሎ ነበር። ያመጣችው ለጓደኞቿ ልታቀምስ ነው። አላወጣችውም። ቆሎው እንደተቋጠረ ወደ ቤት ተመለሰ።

ቀልደኛውን አንከሰውም። እሱ የደገመው ከተማው ያስተማረውን ነው። የእኛ ክስ ሰፋ ያለ ነው፤ ምግብ እንወዳለን በምንለው በሁላችንም ላይ ነው። አንድ ሳህን መርጠን ‹‹የኢትዮጵያ ምግብ ማለት ይሄ ነው›› ካልን በኋላ፣ እሱን በየበዓሉ ማብሰል ያልቻለውን ሕዝብ ምግብ እንደሌለው እንቆጥረዋለን። ይሄ አምባገነንነት ነው። አምባገነኑ ደግሞ 12 ብልት አለው፤ በእንቁላል ታጅቦ በየበዓሉ ይሾማል።

ግብር ገባሪውና ግብር ገቢው

አማርኛ አንዳንዴ ረጅም ታሪክ በአንድ ቃል ይዘጋል። ‹‹ግብር›› ገበሬው ለጌታው የሚከፍለው ነው። ‹‹ግብር›› ጌታው በአዳራሹ የሚያበላው ድግስም ነው። ገበሬው ግብር ገበረ፤ መኳንንቱ ግብር ገቡ። ማሩን፣ ቅቤውን፣ ሙክቱን ያመጣው አንዱ ነው፤ በልቶ ያወደሰው ሌላው።

አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1887 እንጦጦ ላይ ያበሉትን ታላቅ ግብር ለብሔራዊ ገበታችን መወለድ እንደ ዋና ትዕይንት አድርጎ ይተርከዋል። እቴጌይቱን የማያደንቅ ምግብ ወዳድ የለም፤ እኛም እናደንቃለን። ግን ልብ እንበል። ዛሬ ‹‹የኛ ባህላዊ ምግብ›› እያልን በየሆቴሉና በየመጽሐፉ የምናደንቀው ገበታ በዋናነት የግብር አዳራሹ ገበታ ነው። ግብሩን የገበረው ሰው ማታ ጎጆው ገብቶ የበላው የት ተጻፈ?

ከዚያ ድግስ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ክፉ ቀን መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው ረሀብ በከብት በሽታ ታጅቦ በሬውን ፈጀው። በሬ የሌለው ገበሬ በእጁ ቆፍሮ ሊተክለው የሚችል ነገር ፈለገ፤ አንዱ መልስ ድንች ነበር። ድንችን ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ አገራችን እንዳስገባው ይነገራል። በገበሬው ማሳ ላይ በሰፊው የተስፋፋው ግን ያ መዓት ካለፈ በኋላ ነው። ዛሬ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በሚበልጠው በጉና ተራራ ዙሪያ ገብስና ድንች የሌለበትን ጓዳ ማሰብ ይከብዳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። በዶሮ ወጡ ላይ ‹‹ጥንታዊ›› እያልን የምንምልበት በርበሬም እንደ ድንቹ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ መጤ ነው። ሁለቱም ባሕር ተሻግረው የመጡ የአንድ አህጉር ልጆች ናቸው። አንዱ ቤተ መንግሥት ገባና ‹‹ባህል›› ተባለ፤ ሌላው ጉና ሥር ቀረና ‹‹የደሀ ምግብ›› ተባለ። ልዩነቱ በጣዕሙ አይደለም፤ በበላው ሰው ማዕረግ ነው።

አብልቶ የኖረ አገር

ወደ ቀልዱ እንመለስ፤ ‹‹ስንዴው ከመኪና ሲወርድ››። መጀመሪያ ነገር፣ ስንዴው ዝም ብሎ አይወርድም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ጋይንትንና ስማዳን ያካተተ ሲሆን፣ ጉልበት ያለው ሰው እርከን ሠርቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ መንገድ ጠርጎ ነው እህሉን የሚያገኘው። ፕሮግራሙ ሲጀመር ለአንድ ሰው በወር አምስት ቀን ሥራ 15 ኪሎ እህል ይታሰብ ነበር። ለዓመቱም ሁሉ አይደለም፤ ለስድስት ወር ነው። እንዲህ ተሠርቶ የሚገኝ ነገር አዲስ አበባ ውስጥ ደመወዝ ይባላል። ስማዳ ሲደርስ ምጽዋት የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ሁለተኛውና ዋናው ነገር ይሄ ነው። ጋይንት ለዘመናት አብልቶ የኖረ አገር ነው። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነገር የገባው ሰው ሁሉ ጋይንት ውስጥ ያለችውን ቤተልሔምን ያውቃል። የድጓ ሊቅነት የሚመሰከርባት ደብር ናት። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ወደዚያ ሲተም ኖሯል። ታዲያ ይሄን ሁሉ ተማሪ ማን አበላው? ካፌ አልነበረ። መንግሥት በጀት አልመደበ። በየበሩ ‹‹በእንተ ስማ ለማርያም›› ሲል ቁራሽ ያወጣችለት የጋይንት ሴት ናት። ተማሪው የተረፈውን ቁራሽ አድርቆ ድርቆሽ ያደርገዋል፤ ዝናብ ሲጥልና መንደር መዞር ሲያቅተው እሱን አርሶ ይበላል። ስሙ ራሱ ‹‹የቆሎ ተማሪ›› ነው። የአገሪቱ የዜማ ትምህርት በቆሎ ነው የቆመው።

እስቲ ይሄን እናስተውለው። ራሷ የምትበላው በልኩ የሆነ ሴት፣ ከማታውቀው አገር ለመጣ፣ ወገኗ ላልሆነ ተማሪ ቁራሽ ትሰጣለች። ነገም ትሰጣለች። ልጆቿም ይሰጣሉ። እኛ በወር አንድ ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሆነን ስንበላ ‹‹ማዕድ መጋራት›› ብለን ስም እናወጣለን፤ ፎቶም እናነሳለን። ማዕድ መጋራት የት እንደሚማሩት ለመጠየቅ ግን ስልክ ደውለን አናውቅም።

አሠራሩ የሕይወት ጉዳይ ሲሆን

‹‹የደሀ ምግብ ውስጥ ምን ሙያ አለ?›› የሚል ካለ ስለ ጓያ እንንገረው።

ጓያ ድርቅ የሚችል ጥራጥሬ ነው። ሌላው ሰብል ሲከዳ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ በጥቁር አፈር ውስጥ በቀረው እርጥበት ይበቅላል። ውስጡ ግን ነርቭ የሚጎዳ መርዝ አለው። ሰው ሌላ እህል አጥቶ ለወራት እሱን ብቻ የበላ እንደሆነ እግሩ ይያዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1976 እና 1977 ገደማ ከጋይንት በስተምዕራብ ባለችው ፎገራና በደምቢያ ይሄ በሽታ በወረርሽኝ መልክ ተከስቷል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ከጋይንት በስተምሥራቅ ባለችው ደላንታ ዳውንት ተደገመ። ጋይንት በመካከል ነው።

ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ በደላንታ የተደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲያሳትሙ ያገኙት ነገር ለእኛ ለምግብ ወዳዶች ትልቅ ትምህርት ነው። ጉዳቱ እንደ አሠራሩ ይለያያል። ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮ ወይም በእሸትነቱ ጥሬውን የበላ ሰው አደጋው ከፍ ይልበታል። በሽሮ መልክ የበላው ዝቅ ይልለታል። ከሌላ እህል ጋር የደባለቀው፣ ወጡ ላይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የጨመረበት ደግሞ የተሻለ ይተርፋል። ከአደጋ ነፃ ያደርጋል ማለት አይደለም። ግን ገባችሁ? ‹‹ምን ይጨመርበት? በምን ይደባለቅ? እንዴት ይሠራ?›› የሚለው የእኛ የቅዳሜ ጨዋታ፣ እዚያ በእግር ለመሄድና ባለመሄድ መካከል ያለ ጥያቄ ነው።

የምግብ አሠራር መጽሐፍ አስፈላጊ የሚሆንበት ቦታ ካለ እዚያ ነበር። እኛ ግን መጽሐፍ ስንመራረጥ ጥያቄያችን ‹‹ፎቶው ያምራል?›› የሚል ነው።

ደግሞ ሌላ ልጨምር የሚል ከመካከላችን አለ፤ የባቄላና የገብስ ነገር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የስዊድን እርዳታ ያለበት የሕፃናት ሥነ ምግብ ተቋም አዲስ አበባ ላይ ፋፋን ሲሠራ፣ መሠረቱ የእህልና የጥራጥሬ ድብልቅ ነበር። ምክንያቱም በእህሉ ፕሮቲን ውስጥ የጎደለውን ጥራጥሬው ይሞላዋል። በጣም ጥሩ ሳይንስ ነው፤ ብዙ ሕፃናትንም ጠቅሟል። ግን እናቶቻችን የገብስ እንጀራ ላይ የባቄላ ሽሮ ሲያፈሱ፣ ስንዴና ክክ ባቄላ ቀቅለው ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ሲያቀርቡ ያንኑ እየሠሩ ነበር። ላቦራቶሪው ሲያደርገው ‹‹ግኝት››፣ እማማ ሲያደርጉት ‹‹የለመደባቸው››!

‹‹መጀመሪያ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት…››

የምግብ መጽሐፍ እንወዳለን። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን የሼፍ ዮሐንስን መጽሐፍ ተዋውሰን አገላብጠነዋል፤ ማርከስ ሳሙኤልሰን ስለ አፍሪካ ምግብ በ2006 ያሳተመውንም እንዲሁ። ደስ ይላሉ። አገራችን በዓለም ገበታ ላይ ስትቀርብ ማን ይጠላል? ሁለቱም የወጡት ግን በእንግሊዝኛ ነው። ‹‹እዚያ ጓዳ ውስጥ ያለው ዕውቀትስ በአማርኛ መቼ ይጻፍ?›› የሚለው ጥያቄ የእነሱ ዕዳ አይደለም፤ የእኛ ነው።

እኛ በአማርኛ የምንለዋወጠው ደግሞ መጀመሪያው ላይ ነው ሰውን የሚያባርረው። ‹‹ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ ግማሽ ኪሎ ቅቤ…›› ይላል። ይሄ ሚዛን የሞላ ጓዳ ሚዛን ነው። እናቶቻችን የሚያውቁት ሌላ ሚዛን አለ፤ እፍኝ፣ ጣሳ፣ ቁና፣ ‹‹እንደ ዓመቱ››። ‹‹እንደ ዓመቱ›› የሚለውን ሚዛን የትኛውም መጽሐፍ ላይ አላየነውም። በጥጋብ ዓመት ይሄን ያህል፣ በክፉ ዓመት ያን ያህል፤ ቅቤ ካለ እንዲህ፣ ከሌለ በተልባ፣ ጤፍ ከተወደደ ገብስና ማሽላ ተደባልቆ። ይሄ መጽሐፉ ገና ያልተጻፈለት ትልቅ ሙያ ነው።

ያልተጻፈ ነገር ምን እንደሚያመጣ በጤፍ አይተናል። ጤፍን እዚህ አገር በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ስንፈጨውና ስናቦካው ኖረን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ‹‹ይሄማ አዲስ ፈጠራ አይደለም›› ብሎ የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት የሰረዘው በ2018 ነው። አሥራ አንድ ዓመት! ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር፣ ማንም ስላልጻፈው ‹‹የኔ ነው›› ለሚል ክፍት ሆኖ ይቆያል። ለጤፍ እንኳ ጠበቃ ተገኘ። ለሰነፍ ገብስ ማን ይቆምለታል? ለማታውቁት እንንገራችሁ፤ ሰነፍ የተባለው ሲሸከሽኩት ብዙ ስለማያስቸግር፣ ገለባው በቀላሉ ስለሚለቅ ነው። ሰነፉ ገብሱ ነው እንጂ ቆይዋ አይደለችም።

‹‹ድህነትን ታቆነጃላችሁ›› ለሚሉን

ይሄን ስናነሳ የሚመጣውን መልስ እናውቀዋለን። ‹‹እናንተ ከተማ ተቀምጣችሁ ድህነትን ታቆነጃላችሁ። የጋይንት ገበሬ ራሱ ዶሮ ወጥ ነው የሚመኘው!››

እውነት ነው፤ ይመኛል። እኛም ዶሮ ወጥ እንወዳለን፤ ይሄን ጽፈን ስንጨርስ ቢቀርብልን እምቢ የምንል እንዳይመስላችሁ። ጓያን ወዶ የሚበላ ሰው የለም፤ ረሀብም የምግብ ባህል አይደለም። እንዲያውም የእኛ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ድህነትን የሚያቆነጀው ‹‹ምስኪን፣ ምንም የላቸውም›› የሚለው ሰው ነው። ‹‹ምንም የለውም›› የተባለ ሰው አይጠየቅም፤ ይታዘንለታል እንጂ። የሚታዘንለት ሰው ደግሞ ምን መዝራት እንደሚሻለው፣ የትኛው የእርዳታ እህል ለጓዳው እንደሚስማማው፣ ልጁን በምን እንዳሳደገ አስተያየት የለውም። ስንዴው ሲወርድ ‹‹እንዴት ትሠሩታላችሁ?›› ብሎ የጠየቀ ሰው ስንት ነው? ዕውቀቱን መካድ መጨረሻው ድምፁን መካድ ነው። ቀልዱ ያስቆጣን ለዚህ ነው፤ ስላስከፋን ብቻ አይደለም።

ሌላው መልስ ‹‹በዓል ነው፣ ተዉን እንብላ›› የሚል ነው። ብሉ! ግን የበዓሉ ገበታ አንድ ብቻ ሲሆን የሚሆነውን እናውቃለን። የዶሮ ዋጋ በየበዓሉ ይሰቀላል። ደመወዙ ያልበቃው አባት ይበደራል፤ ካልተበደረ ልጆቹን ቀና ብሎ ማየት ያፍራል። ይሄ በጋይንት ብቻ አይደለም፤ ኮልፌም ነው፣ ጎተራም ነው። በዓሉን ‹‹ያለውና የሌለው የሚለይበት ቀን›› ያደረገው ሃይማኖቱ አይደለም። ሃይማኖቱማ ለምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ጾም ሰጥቶ፣ በባቄላና በሱፍ፣ በምስርና በተልባ ተራቅቃችሁ ኑሩ ብሎ ትልቅ የምግብ ትምህርት ቤት ከፍቶልናል። የዘለልነው እኛ ነን።

ቅርጫንስ እስቲ አስቡት። አንድ በሬ በጋራ ይገዛል፤ ከምላሱ እስከ ሸሆናው እኩል ይመደባል፤ ዕጣ ይጣላል። ሀብታሙ ሽንጡን አይመርጥም፤ ደሀው አጥንቱ አይደርሰውም። ‹‹የበዓል ምግብ ሐሳብ አምጡ›› ሲባል ይሄም ሐሳብ ነው። ቡሄም እንዲሁ ነው፤ ነሐሴ 13 ቀን ልጅ ጅራፉን አጩሆ፣ ጨፍሮ፣ ሙልሙሉን ተቀብሎ ይሄዳል። ማንም የማን ልጅ እንደሆነ አይጠይቀውም።

ቆሎው ይውጣ

እንግዲህ ምን ይሁን? ከእኛ አንዷ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ እናቷ ጋ ደወለች። በ2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተቀሰቀሰ ወዲህ ለበዓል አገር ቤት ገብታ አታውቅም፤ ስለዚህ የቀራት ስልክ ነው። መስመሩ ሲገኝ ማለት ነው።

‹‹እማዬ፣ ስልጆ እንዴት ነው የሚሠራው?››

‹‹ምን ነካሽ ልጄ፣ እዚያ ምግብ ጠፋ እንዴ?››

‹‹አልጠፋም። ልጽፈው ነው።››

እናትየዋ ሳቁ። ከዚያ ተናገሩ። የሱፉ ወተት ይጠለላል። የባቄላው ዱቄት ተበጥብጦ በእሱ ይበስላል፤ እንዳይጓጉል እየተማሰለ። ይቀዘቅዛል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጤና አዳሙ፣ ሰናፍጩ ይገባል።

‹‹ሰናፍጩ ስንት ነው?››

‹‹አፍንጫሽን እስኪሰነፍጥሽ ነዋ!››

‹‹ስንት ቀን ይቀመጥ?››

‹‹አገሩ ብርድ ከሆነ ይዘገያል፤ ቆላ ከሆነ ቶሎ ይደርሳል። ቀምሰሽ ነው እንጂ በቀን ይሆናል?››

ሦስት ገጽ ሞላ። ስልኩ ሊዘጋ ሲል እናትየዋ ‹‹ለምንሽ ነው ግን?›› አሉ። ልጅቷ ‹‹ጓደኞቼ ሊሠሩት ነው›› አለች። ዝም አሉ። ከዚያ ‹‹ሱፉን ደህና አድርገው ይልቀሙት በያቸው፤ አንድ ጠጠር ከገባ ጥርስ ነው›› ብለው ዘጉ።

ከእናንተ የምንፈልገው ይሄን ያህል ነው። እናት ወይም አያት ያለው ይደውል። ጋይንት ብቻ አይደለም፤ መንዝም፣ ሰቆጣም፣ ጋሞም፣ ሐረርጌም ይደወል። አንድ አሠራር ይጠይቅና በሚሉት ሚዛን ይጻፈው፤ እፍኙን ወደ ግራም አይለውጠው። ‹‹የሌለ እንደሆነስ በምን ትተኩታላችሁ?›› የምትለዋን ጥያቄ ግን እንዳይረሳት፤ ሙያው ያለው እዚያ ላይ ነው። ለበዓል ገበታ ሐሳብ የምታቀርቡም አንድ ዶሮ ስታቀርቡ አንድ ዶሮ የሌለበት ገበታ ጨምሩ። ያኛውን እንደ ምትክ አይደለም፤ እንደ በዓል አድርጋችሁ አቅርቡት።

እኛ ደግሞ የራሳችንን ዕዳ እንከፍላለን። የሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው የእኛ ነው። ጠረጴዛው ላይ የገብስ እንጀራ፣ የተቀቀለ ድንች ከነአዋዜው፣ ስልጆና ያ ቆሎ ይቀርባል። ቀልደኛው ወዳጃችንም ተጠርቷል፤ እንደሚመጣ ነግሮናል። ከመብላቱ በፊት ማን እንደላከው እንነግረዋለን፤ ከየት እንደመጣም። ከዚያ ደስ ካለው ይሳቅ።